ትንሿ አይሮፕላንና የቤንዚን ሞተሯ፦ መጀመሪያ በምድር

ከመተማ ተነሥቶ ገላባትን አልፎ እስከ ገዳሪፍ የሚዘረጋው ሜዳ ከአይሮፕላን ጋር የተዋወቀው ትናንት አይደለም። ጥቅምት 27 ቀን 1933 ዓ.ም. በብርጋዴር ዊልያም ስሊም የሚመራው ጦር ገላባትን ከጣሊያን ለማስለቀቅ በተነሣ ጊዜ፣ የእንግሊዞቹ ግላዲያተርና የጣሊያኖቹ ፊያት ሲ.አር. 42፣ ሁለቱም ድርብ ክንፍ ያላቸው ተዋጊ አይሮፕላኖች፣ በዚሁ ሰማይ ላይ ተፋልመዋል። ሁለት ሳምንት ቆይቶ፣ ኅዳር 11 ቀን፣ ሜጀር ዊንጌት ቪንሰንት በተባለች ባለ አንድ ሞተር አይሮፕላን ከሱዳን ተነሥቶ ወደ ጎጃም በረረና ሰከላ ላይ ለማረፊያ በተሰናዳች ሜዳ ወርዶ፣ ከአርበኞች ጋር ይሠራ ከነበረው ከኮሎኔል ሳንድፎርድ ጋር ተገናኘ። አብራሪው ከቆላው ሙቀት ተነሥቶ ቀጭን አየር ባለበት ደጋ ላይ ሲያርፍና እንደገና ከዚያው ሲነሣ፣ የእርሱም የተሳፋሪውም ሕይወት የተንጠለጠለው በአንዲት ሞተር ላይ ነበር።

ዛሬም በዚህ አካባቢ የሞተር ድምፅ ከሰማይ ሲሰማ ሰው ቀና ብሎ ያያል። በሱዳን ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. የተነሣው ጦርነት ብዙ ሕዝብ ወደ ገዳሪፍ እንዲሸሽ፣ ብዙውም በገላባት በኩል ድንበሩን ተሻግሮ ወደ መተማ እንዲገባ አድርጓል። በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ደግሞ ገዳሪፍ ራሷ በሰው አልባ አይሮፕላን ተመትታለች። ከዚያ ሽሽት የመጣች እናት የትንሽ ሞተርን ጩኸት ከሰማይ ስትሰማ ልጆቿን ወደ ጥላ የምትሰበስበው ያለ ምክንያት አይደለም።

የዛሬው ጽሑፋችን ስለ ጦር መሣሪያ አይደለም። ክንፏ ከ2 ሜትር በላይ ስለሆነች፣ በሬዲዮ ስለምትታዘዝ ሞዴል አይሮፕላንና በአፍንጫዋ ላይ ስለሚታሰረው የቤንዚን ሞተር ነው። በሠራዊቱ ውስጥ መካኒክነትን የሚወዱ ብዙዎች ናቸው፤ በየቤቱም ከእንጨትና ከካርቶን አይሮፕላን የሚሠሩ ልጆች አሉ። ይህን ሙያ ማወቅ ይጠቅማል። ነገር ግን ከላይ የተናገርነውን በልባችን ይዘን ስለምንጽፍ፣ ሐሳባችን በአጭሩ ይህ ነው፦ ሞተሩ በምድር ላይ ታስሮ በሚገባ ሳይታወቅና ሳይፈተን፣ ቦታውም ሳይፈቀድ፣ ወደ ሰማይ የሚነሣ ነገር ሊኖር አይገባም። ከሥራው ዐሥር እጅ ዘጠኙ በምድር የሚፈጸም ነው።

መጫወቻ ብቻ አይደለችም

ሞዴል አይሮፕላንን የልጅ ጨዋታ አድርጎ የሚንቅ ካለ አንድ ታሪክ እናስታውሰው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ ጦር የፀረ አይሮፕላን ተኳሾቹን የሚያሠለጥንበት ተንቀሳቃሽ ዒላማ ቸግሮት ነበር። መልሱን ያመጣው ሬጂናልድ ዴኒ የተባለ እንግሊዛዊ የፊልም ተዋናይ ሲሆን፣ ሰውየው ሞዴል አይሮፕላን ወዳድና ነጋዴም ነበር። ሬዲዮፕሌን የተባለው ፋብሪካው ያወጣት ኦ.ኪው. 2 የክንፏ ስፋት 3 ሜትር ከ70 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ ክብደቷ 47 ኪሎ ግራም ገደማ ነበር። የሚያስኬዳትም 6 የፈረስ ጉልበት ያለው ባለ ሁለት ሲሊንደር ትንሽ ሞተር ነው። በጦርነቱ ዘመን ከዚህች ዓይነትና ከተከታዮቿ ወደ 15,000 የሚጠጉ ተሠርተዋል። ተኳሽ ካልመታት ጃንጥላ ተከፍቶላት ወደ ምድር ትወርድ ነበር።

በዚያ ፋብሪካ ጃንጥላ ከሚመረምሩትና በገላዋ ላይ ቀለም ከሚረጩት ሠራተኞች አንዷ ኖርማ ጂን የተባለች፣ ባሏ በንግድ መርከብ ላይ ተሰማርቶ የሄደባት ወጣት ሚስት ነበረች። በጦርነቱ መጨረሻ ዓመታት ዴቪድ ኮኖቨር የተባለ የጦሩ ፎቶግራፍ አንሺ ሴቶች ለጦርነቱ የሚሠሩትን ሥራ ሊያነሣ በመጣ ጊዜ አገኛትና ፎቶግራፍ አነሣት። ኋላ ዓለም ማሪሊን ሞንሮ ብሎ ያወቃት እርሷ ናት። እኛ ግን ልብ የምንለው ስለ ዝናዋ አይደለም። ባል በዘመቻ ላይ ሳለ ሚስት በቤቷ ያለችበት ኑሮ ለዚህ አምድ አንባቢያን እንግዳ አይደለምና፣ ያች ሴት የመረመረችው ጃንጥላ በትክክል ባይታጠፍ ኖሮ የብዙ ሰው ድካም አንድ ከሰዓት ላይ ይሰባበር እንደ ነበር ለማሳየት ነው። በዚህ ሙያ ትንሽ የሚባል ሥራ የለም።

በአገራችንም ሞተርን ከራስ እጅ ሥራ ጋር የማጋባት ታሪክ አለ። በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በጀርመናዊው አብራሪ በሉድዊግ ቬበር መሪነት የተሠራችው «ፀሐይ» አይሮፕላን ገላዋ እዚሁ ሲገጣጠም፣ ሞተሯ ግን ዋልተር ቬኑስ የተባለው የቼኮዝሎቫኪያ ሥራ፣ ሰባት ሲሊንደርና 115 የፈረስ ጉልበት ያለው ነበር። ጣሊያኖች ወስደዋት ከ80 ዓመት በላይ ከቆየች በኋላ በጥር 2016 ዓ.ም. ለአገሯ ተመልሳለች። በቅርቡም በ2007 ዓ.ም. አስመላሽ ዘፈሩ የተባለው ኢትዮጵያዊ አንድ ሰው የምትይዝ አይሮፕላን በራሱ እጅ ሠርቶ የአሮጌ ቮልስዋገን ሞተር ገጥሞላታል። በመጀመሪያው ሙከራ አልተነሣችም። ሰውየው ግን ተስፋ ሳይቆርጥ ተመልሶ ወደ ሥራው ገባ። ገላ መሥራት አንድ ሙያ ነው፤ ሞተርን በዚያ ገላ ላይ እንዲሠራ ማድረግ ግን ሌላ ሙያ መሆኑን ሁለቱም ታሪኮች ይመሰክራሉ።

ሞተሩ ምን ዓይነት ነው?

ለትልልቅ ሞዴሎች የሚሆነው ሞተር ባለ ሁለት ምት፣ ማለትም ዘይት ከቤንዚን ጋር ተደባልቆ የሚጠጣ ነው። ይህን ዓይነት ሞተር ከዛፍ መቁረጫ ሞተር መጋዝና ከሣር ማጨጃ እናውቀዋለን፤ የዘር ሐረጉም ከዚያው ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ኳድራ የተባለው ሞተር፣ ኋላም የጃፓኑ ዜኖዋ ወደ ሞዴል አይሮፕላን የገቡት ከእርሻና ከአትክልት መሣሪያ ነው። መጠናቸው ከ20 እስከ 120 ሲ.ሲ. የሚደርስ ሲሆን፣ በብዛት የሚታወቀው የ50 ሲ.ሲ. ሞተር 1 ኪሎ ግራም ተኩል ገደማ ይመዝናል።

ትንንሾቹ ሞዴሎች ሜታኖል ከሚባል አልኮልና ከዘይት የተቀመመ ውድ ነዳጅ ይጠጣሉ። ትልቋ ሞዴል ግን ተራ ቤንዚን ይበቃታል። ዋጋውም ቀላል፣ በአንድ ጊዜ የሚፈጀውም ጥቂት ነው። የካርቡራተሩም አሠራር ልዩ ነው። በመኪና ካርቡራተር ውስጥ ያለው ተንሳፋፊ ቁራጭ አይሮፕላኗ ስትገለበጥ ሥራውን ያቆማል፤ በዚህኛው ግን ነዳጁን የምትስበው እንደ ልብ ትርታ የምትንቀጠቀጥ ስስ የላስቲክ ሽፋን ናት። ስለዚህ ሞዴሏ ብትገለበጥም ሞተሩ አይጠፋም። ይህች ስስ ሽፋን ግን ለቆሻሻም ለረጅም መድረቅም ደካማ ናት። ለወራት ተቀምጦ የቆየ ሞተር እንቢ ቢል፣ ካንዴላው ደህና ከሆነ፣ ጥርጣሬው ወደ እርሷ ይዙር።

ሞተሩን ከገላዋ ማጋባት

ሞተሩ የሚታሰርበት የፊት ግድግዳ ቢያንስ 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ጠንካራ ኮምፔንሳቶ ይሁን። የሞተሩ መጠን ካደገ ሁለት ንብርብር ተጣብቆ ይሠራ። ከጎንና ከጎን ያሉት ማእዘኖች በሦስት ማእዘን እንጨት ይደገፉ፤ ኤፖክሲ ኮላም ይቀቡ። ቤንዚን የነካው ባዶ እንጨት ቀስ በቀስ ይልሳል፣ ኮላውም ይለቃል። ስለዚህ ግድግዳው በሙሉ በስስ ኤፖክሲ ተለስኖ ይድረቅ።

ብሎኖቹ ከኋላ በእንጨቱ ውስጥ በተቀበረ ዳዶ ይያዙ፤ ሰፊ ሮንዴላም ይግባላቸው። የቤንዚን ሞተር መንቀጥቀጥ ብሎንን በትዕግሥት ፈትቶ የመጣል ልማድ አለው። ስለሆነም ብረት ከብረት በሚገናኝበት ሁሉ ብሎን የሚይዝ ማጣበቂያ ይጨመር። ከመጀመሪያው ሥራ በኋላ፣ ከዚያም በየጊዜው፣ እያንዳንዱ ብሎን በቁልፍ ይፈተሽ። ፕሮፔለሩን የሚይዙት ብሎኖች ደግሞ ከሁሉ በፊት ይታዩ፤ እንጨት ሙቀትና እርጥበት ሲለዋወጥበት ያብጣል፣ ይሰበሰባልም፤ ትናንት የጠበቀው ዛሬ ላላ ብሎ ሊገኝ ይችላል።

ሞተሩ ፍጹም ቀጥ ብሎ አይታሰርም። ከአብራሪው ወገን ሲታይ ሁለት ወይም ሦስት ዲግሪ ያህል ወደ ቀኝ ዘንበል ይላል። ፕሮፔለሩ በሚሽከረከርበት ጊዜ ሞዴሏን ወደ ግራ ስለሚጎትታት ይህ ዘንበል ማለት ሚዛኗን ይጠብቃል። ከታሰረ በኋላ ሞዴሏ በክንፏ ሥር በሁለት ጣት ትደገፍ። የክብደቷ ማእከል በፕላኑ ከተጻፈው ቦታ ወደ ኋላ ከሸሸ ባትሪው ወደ ፊት ይወሰድ። ጅራቷ የከበዳት ሞዴል አንድ ጊዜ ብቻ ትበርራለች ይባላል።

ነዳጅ መያዣው፣ ማለት ሰርባቶዮው፣ በስፖንጅ ላይ ይቀመጥ። ቱቦው ቤንዚን የሚችል መሆኑ ይረጋገጥ። በሜታኖል ሞተሮች ላይ የሚሠራው የሲሊኮን ቱቦ በቤንዚን ያብጥና ይበጠሳል። የሰርባቶዮው ክዳን ላስቲክም እንዲሁ ነው። በመንገዱ ላይ ፊልትሮ ይግባ፤ ቱቦዎቹ በየመጋጠሚያቸው በቀጭን ሽቦ ወይም በማሠሪያ ይጠበቁ።

ማቀጣጠያው ብልጭታ በሰጠ ቁጥር የሬዲዮ ሁከት ይፈጥራል። ስለዚህ የማቀጣጠያው ሣጥን፣ ባትሪውና ማብሪያው በአንድ ወገን፣ የሬዲዮ መቀበያውና አንቴናው በሌላ ወገን ሆነው በመካከላቸው ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር ይራቅ። ለሁለቱም የተለያየ ባትሪ ይሰጣቸው። ሞተሩን በሩቅ የሚያጠፋ ማጥፊያ ደግሞ ምርጫ ሳይሆን ግዴታ ነው።

ነዳጁን ማሰናዳት

ድብልቁ የሞተሩ አምራች በጻፈው ልክ ይሁን። አዲስ ሞተር በሚለማመድበት ጊዜ ብዙውን ጊዜ ለ25 ወይም ለ32 እጅ ቤንዚን አንድ እጅ የባለ ሁለት ምት ሞተር ዘይት ይጠየቃል። ከተለማመደ በኋላ ወደ 40 ወይም ወደ 50 እጅ ይወጣል። በስሌት ሲታይ 5 ሊትር ቤንዚን በ25 ለ1 ሲደባለቅ 200 ሚሊ ሊትር ዘይት ይገባዋል፤ በ40 ለ1 ሲሆን 125 ሚሊ ሊትር ይበቃዋል። በዓይን ግምት መደባለቅ ሞተር ያቃጥላል። ልኩ የሚታይበት የመድኃኒት መስፈሪያ ወይም ስሪንጅ ለዚህ ብቻ ተለይቶ ይቀመጥ።

በድንበር አካባቢ በመንገድ ዳር በጀሪካን የሚሸጥ ቤንዚን እጅግ ያጠራጥራል። ውኃ፣ አዋራ፣ አንዳንዴም ላምባ ይገኝበታል። ጥቂቱ በንጹሕ ብርጭቆ ዕቃ ተቀድቶ በጥላ ሥር ይቆይ፤ ውኃና ደለል ከቤንዚን ስለሚከብዱ ከታች ይዘቅጣሉ። ላምባ ግን አይለይም፤ በሽታና በሚተወው ቅባት ብቻ ይታወቃል። አስተማማኙ መንገድ ከታወቀ ማደያ ቀድቶ፣ ቀኑን ጽፎ፣ ሳይሰነብት መጠቀም ነው።

የማስነሣት ሥርዓት

ሞዴሏ በሁለት መንገድ ትያዝ፦ በጅራቷ በኩል ወደ መሬት በተተከለ ካስማ በገመድ ትታሰር፣ ደግሞም አንድ ረዳት ይያዛት። ከፕሮፔለሩ ፊትና ጎን ማንም አይቁም። የቆመ ሁሉ ከኋላ ይሁን። ነፋስ ካለ አፍንጫዋ ወደ ነፋሱ ይዙር፤ የሞተሩ ማቀዝቀዣ አየሩ ነውና።

ቅደም ተከተሉ እንደሚከተለው ነው። መጀመሪያ ማቀጣጠያው ጠፍቶ ሳለ፣ ቾኩ ተዘግቶ፣ ነዳጁ በቱቦው ውስጥ ሲሄድ እስኪታይ ፕሮፔለሩ በእጅ ይዙር። ቀጥሎ ነዳጅ መስጫው ከዝቅተኛው ቦታ ጥቂት ከፍ ይበል፣ ማቀጣጠያው ይብራ፣ ጠንካራ የቆዳ ጓንት የለበሰ እጅ ወይም ማስነሻ በትር ፕሮፔለሩን ይምታ። ሞተሩ «ጧ» ብሎ ሲጠፋ ቾኩ ይከፈት፤ ዳግመኛ ሲመታ ይነሣል። ቾክ ሳይከፍቱ መደጋገም ካንዴላውን በነዳጅ ያርሰዋል።

ካርቡራተሩ ላይ ሁለት ትንንሽ ማስተካከያ ብሎኖች አሉ። «ኤል» የዝቅተኛውን፣ «ኤች» የከፍተኛውን ፍጥነት ነዳጅ ይመጥናሉ። ሁለቱም በእርጋታ ተዘግተው አንድ ዙር ተኩል ያህል ቢከፈቱ ብዙውን ጊዜ ለመነሻ ይበቃል። ከዚያ በኋላ ካቻቢቴው ስምንተኛ ዙር በስምንተኛ ዙር እንጂ በደፈናው አይዙር፤ በእያንዳንዱም ጊዜ ሞተሩ ጠፍቶ ይሁን እንጂ በሚሽከረከር ፕሮፔለር አጠገብ እጅ አይግባ። ነዳጅ የበዛበት ሞተር ይንደቀደቃል፣ ያጨሳል፣ ግን አይሞትም። ነዳጅ ያነሰበት ሞተር በመጀመሪያ ጥሩ ጩኸት ያሰማል፣ ብርቱም ይመስላል፤ ጥቂት ቆይቶ ግን ይግላል፣ ድምፁ ይወርዳል፣ ፒስቶኑም ሲሊንደሩን ይቧጭራል። ጀማሪ የሚሳሳተው በዚህ ነው፤ ጥሩ የሚጮኸውን ሞተር ጤነኛ ይመስለዋል። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሊትሮች ነዳጅ ጥቂት በዝቶለት፣ ፍጥነቱ ከፍና ዝቅ እየተደረገ ይለማመድ። በሙሉ ጉልበት ለረጅም ጊዜ አይያዝ።

ፕሮፔለሩን መፍራት ተገቢ ነው። የ50 ሲ.ሲ. ሞተር ብዙውን ጊዜ የሚይዘው 56 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ያለውን ሲሆን፣ በደቂቃ 7,000 ጊዜ ሲዞር ጫፉ በሰከንድ ከ200 ሜትር በላይ፣ በሰዓት ከ730 ኪሎ ሜትር በላይ ይሮጣል። በዚያ ፍጥነት ለዓይን አይታይም፤ ጣትንም አይምርም። ወታደር ባዶ ነው የተባለውን ጠመንጃ እንደ ጎረሰ እንደሚቆጥረው ሁሉ፣ የቆመ ፕሮፔለርም ሁልጊዜ እንደሚነሣ ይቆጠር። የሞቀ ሞተር ማቀጣጠያው ሳይጠፋ በእጅ ሲነካ በአንድ ብልጭታ ሊነሣ ይችላል።

የአካባቢያችን ሙቀት፣ አዋራና ዋልካ

ገዳሪፍ ከባሕር ወለል በላይ 600 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ሞዴሏ በዚህ ዝቅተኛ ስፍራ እንደ ልቧ የምትበርር ሊመስለን ይችላል። ነገር ግን በበጋው ማብቂያ ሙቀቱ 40 ዲግሪ ሲደርስ አየሩ ይሳሳና፣ ክብደቱ በመደበኛው የባሕር ዳርቻ አየር ከሚሆነው በሰባት አንድ እጅ ያህል ይቀንሳል። ሞተሩም ክንፉም በ1,500 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳሉ ይቆጥሩታል ማለት ነው። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ከፍታው ብቻ የአየሩን ሩብ ይወስዳል። ሰከላ ያረፈችው ቪንሰንት የገጠማትም ይኸው ችግር ነበር፤ ቀጭን አየር ላይ ሞተር ይደክማል፣ ክንፍም ለመነሣት ረዘም ያለ ሩጫ ይፈልጋል። ከዚህ የሚወጣው ትምህርት ግልጽ ነው። በቆላ የተስተካከለ ካርቡራተር በደጋ ነዳጅ ይበዛበታል፤ በደጋ የተስተካከለው ወደ ቆላ ሲወርድ ነዳጅ ያንሰዋል። የኋለኛው ሞተር ስለሚያቃጥል ከደጋ ወደ መተማ የተዛወረ ሰው ሞተሩን ሳያስተካክል አያስነሣ።

ማቀዝቀዣው ደግሞ በዚህ አገር ሁለተኛው ጉዳይ ነው። ሞተሩ በሽፋን ውስጥ ከሆነ፣ የአየሩ መውጫ ከመግቢያው ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ይስፋ። የገባው አየር በሲሊንደሩ ክንፎች መካከል እንዲያልፍ በስስ እንጨት ይመራ እንጂ በባዶው ጎን አይሽሽ። በምድር ላይ የሚደረግ ሙከራ አጭር ይሁን፤ ማለዳ ወይም ከምሽቱ በፊት ጥላ ሲረዝም ይደረግ።

አዋራው ሦስተኛው ጠላት ነው። የዚህ ሜዳ ዋልካ አፈር በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ይጣበቃል። ትንሽ መንኰራኩር በስንጥቁ ውስጥ ስትገባ ፕሮፔለሩ መሬት ይመታና ይሰበራል፤ ስባሪውም እንደ ጥይት ይበራል። ስለዚህ ሙከራው የሚደረግበት ቦታ ተጠርጎ ጥቂት ውኃ ይረጭበት፤ ሸራ ወይም ጣውላ ቢነጠፍበት የተሻለ ነው። ሥራ ሲያበቃ የካርቡራተሩ አፍ በንጹሕ ጨርቅ ይሸፈን።

ለቤታችን

ይህ ክፍል ለባልም ለሚስትም ነው፤ አደጋው የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ከሜዳው ሳይሆን ከግቢው ነውና።

ቤንዚን በቤት ውስጥ አይደባለቅ። ትነቱ ከአየር ስለሚከብድ በወለሉ ላይ እየተሳበ ሩቅ ይሄዳል፤ በጓዳ ያለው ጀሪካን በሳሎን ያለውን የቡና ከሰል ሊያገኘው ይችላል። ቡና የሚፈላበት፣ ዕጣን የሚጤስበት፣ እንጀራ የሚጋገርበት ሰዓት የሞተር ሰዓት አይሁን። ጀሪካኑ ከግቢው ዳር በጥላ ሥር ይቀመጥ። በሙቀት ስለሚያብጥ ክዳኑ በቀስታ ይከፈት፤ ነዳጅም ሲቀዳ ዕቃው በመሬት ላይ ይቀመጥ እንጂ በእጅ አይንጠልጠል።

በውኃ ላስቲክ፣ ሃይላንድ በምንለው ዕቃ፣ ቤንዚን ከቶ አይቀመጥ። የጠማው ልጅ መለያ አያነብም። ቤንዚንን በአፍ ስቦ ከጀሪካን ማውጣትም ልማድ ሆኖ ይታያል፤ ወደ ሳንባ የገባ ጥቂት ጠብታ ብርቱ ሕመም ያመጣል። ልጅ ቢጠጣ በግድ እንዲያስመልስ አይደረግ፤ ሳይዘገይ ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ። የተነሣ የቤንዚን እሳት በውኃ አይመታ፤ ውኃው ነዳጁን አንሳፎ ያስፋፋዋል። ደረቅ ዱቄት ማጥፊያ ወይም ክምር አሸዋ በአጠገብ ይኑር።

ነጠላ፣ ሻሽ፣ የተለቀቀ ጠጉርና ሰፊ እጅጌ ከሞተሩ አጠገብ አይቅረቡ። ለማየት የመጣች እናት ነጠላዋን በወገቧ አስራ፣ ልጆቿን ከጀርባዋ አድርጋ፣ ከኋላ ትቁም። ጆሮ በጥጥ ሳይሆን በተገቢ መሸፈኛ ይጠበቅ። ልጆች ግን ከዚህ ሥራ አይባረሩ። ብሎን መቁጠር፣ ቱቦ መመርመር፣ ዘይት መለካት፣ ከሞተር ሥራ በፊት ዝርዝሩን ጮክ ብሎ ማንበብ ለልጅ የሚሰጥ ሥራ ነው። ዝርዝር አንባቢ የሆነች ልጅ አባቷ የዘለለውን ብሎን የማስታወስ መብት ይኑራት፤ አባትም ይታዘዛት።

ስለ መብረርስ?

በድንበሩ አካባቢ አይበረርም። ምክንያቱን በመጀመሪያ ተናግረናል። ጥበቃ ላይ ያለ ጓድ በሰማይ የመጣውን ሞተር መጫወቻ መሆኑን የሚያውቅበት መንገድ የለውም፤ ከማዶም ያለው እንዲሁ። ነፋስ የወሰዳት ሞዴል ድንበር ብትሻገር ባለቤቷ ብቻ ሳይሆን አገር ይጠየቅባታል። ይልቁንም በገዛ ቤቱ ከሰማይ በመጣ ነገር የተመታ፣ ሸሽቶ ወደ እኛ የመጣ ሕዝብ በአጠገባችን አለ፤ የእርሱን እንቅልፍ መጠበቅ ከጉርብትና ግዴታ ይቆጠራል።

የአገራችን አየር ክልል በሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣንና በሚመለከታቸው የጸጥታ አካላት የሚጠበቅ ስለሆነ፣ በሌላም ስፍራ ያለ ፈቃድ አይበረርም፤ በሬዲዮ የሚታዘዝ ዕቃ ከውጭ ማስገባትም አስቀድሞ ይጠየቅበታል። ፈቃዱ ተገኝቶ፣ ሰውና መንደር በሌለበት ሜዳ፣ ልምድ ካለው ሰው ጋር የሚበርር ሁሉ ደግሞ መቆጣጠሪያው ሲጠፋ ሞተሩ ራሱን እንዲያጠፋ የተዘጋጀ መሆኑን በምድር ላይ አስቀድሞ ይፈትን፤ ሞዴሏ ታስራ፣ ሞተሩ ዝቅ ብሎ እየሠራ፣ መቆጣጠሪያው ይጠፋ፤ ሞተሩ ካልጠፋ በረራ የለም።

እስከዚያ ድረስ ግን በካምፑ ወርክሾፕ፣ የበላይ አዛዥ ፈቅዶ፣ ሞተሩን በጠንካራ የእንጨት ማሠሪያ ላይ አስሮ መማር ይቻላል። በዚያ ማሠሪያ ላይ የሚገኘው እውቀት ነገ በውኃ ፓምፕ፣ በጄኔሬተርና በሞተር መጋዝ ላይ ይሠራል። ቆርጠው በወርክሾፑ ግድግዳ ላይ እንዲለጥፉት ከማስነሣት በፊት የሚነበበውን ዝርዝር እነሆ፦

1. የሞተሩና የፕሮፔለሩ ብሎኖች በቁልፍ ተፈትሸዋል?
2. ፕሮፔለሩ ላይ ስንጥቅ ወይም ቁርጠት የለም?
3. ቱቦዎች፣ ፊልትሮና ሰርባቶዮ አያፈሱም?
4. ድብልቁ በልክ ነው? ቀኑስ ተጽፏል?
5. ባትሪዎቹ ተሞልተዋል? የሩቅ ማጥፊያው ይሠራል?
6. ሞዴሏ ታስራለች? ረዳቱ በቦታው ነው?
7. እሳት ማጥፊያ ወይም አሸዋ በአጠገብ አለ?
8. ልጆችና ተመልካቾች ሁሉ ከኋላ ናቸው?

ከስምንቱ አንዱ «አይደለም» ከተባለ ሞተሩ ዛሬ አይነሣም፤ ነገ ይነሣል።